ሞላው ለስንት ኪሎ ነው የተሠራው? ማውንቴን ብስክሌት ለሚነዱ ከበድ ያሉ ወንድሞችና እህቶች



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ወንድማችን ማውንቴን ብስክሌቱን እየገፋ ወደ እኛ መጣ። ክብደቱ 105 ኪሎ ነው። ከግቢ ውጭ ስለሚኖር በየቀኑ ኮብልስቶኑንና ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ኮረኮንች ደርሶ መልስ ይነዳል። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የፊቱ ሾክ እስከ መጨረሻው ሰምጦ ብረት ከብረት ይጋጫል፤ የእጁ አንጓም መታመም ጀምሯል። ብስክሌቱን ያሳየው ሻጭ “ይሄ አንተን አይችልም፣ ረጅም የሚሰምጠውን ግዛ” ብሎ የሁለት ወር ወጪውን የሚያህል ዋጋ ነገረው። ወንድማችን ገንዘቡን ሊበደር ተነስቶ ነበር።

እኛ መካኒኮች አይደለንም፤ የራሳችንን ብስክሌት ስንፈታና ስንገጥም፣ አንዳንዴም ስናበላሽ የተማርን ነን። ግን የዚህ ወንድማችን ችግር የብዙዎቻችን ስለሆነ የምናውቀውን እንጻፍ ብለናል። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከበድ ያለ ሰው የሚያስፈልገው ረጅም የሚሰምጥ ወይም ውድ ሾክ ሳይሆን ለክብደቱ የተሠራ ሞላ ነው።

የፊቱን ጎማ በሁለት እግሮቹ ይዞ ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ክፍል ፎርክ ይባላል። ሾክ ያለው ፎርክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይሠራሉ። ሞላው ክብደታችንን ይሸከማል፤ ዳምፐሩ ደግሞ በዘይት ወይም በሰበቃ ሞላው ወርዶ ሲመለስ እንዳይፈናጠር ይይዘዋል። ርካሽ ብስክሌቶች ላይ በብዛት የምናየው የሽቦ ሞላ ያለው ፎርክ ሲሆን፣ ሞላው ብዙውን ጊዜ በአንደኛው እግር ውስጥ ብቻ ነው። ፋብሪካው ይህን ሞላ የሚመርጠው መካከለኛ ክብደት ላለው ሰው ነው። 70 ኪሎ ሰው ሲቀመጥበት 2 ሴንቲ የሚወርድ ሞላ፣ 105 ኪሎ ሰው ሲቀመጥበት በግምት 3 ሴንቲ ይወርዳል። ሙሉ ስምጠቱ 10 ሴንቲ ከሆነ ለጉድጓዱ የቀረው 7 ሴንቲ ነው፤ ጉድጓዱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። መጋጨቱ ለምን ይገርመናል?

ስለዚህ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ዝም ብሎ በመቀመጥ ብቻ የሚወርደውን ልክ የሙያው ሰዎች “ሳግ” ይሉታል (ከለቅሶው ሳግ ጋር አይገናኝም)። ከሚያብረቀርቁት የፎርኩ የላይኛ ቱቦዎች በአንዱ ላይ ክር ወይም የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩና ወደ ታች ገፍታችሁ ከጎሚኒው ጋር አስነኩት። ጓደኛችሁ ብስክሌቱን ይያዝላችሁ፤ ቦርሳችሁን እንደተሸከማችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡና እንደ ሁልጊዜው ተቀመጡ፤ ሳትነቀንቁ ውረዱ። ክሩ ከጎሚኒው የራቀበት ርቀት ሳጉ ነው። ለ10 ሴንቲ ፎርክ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ መልካም ነው። ከዚያ ክሩን እንዳሰራችሁ አንድ ቀን በተለመደው መንገዳችሁ ንዱ። ማታ ክሩ የቱቦው ጫፍ ላይ ከተገኘ ፎርኩ በመንገድ ላይ መጨረሻው ድረስ ሰምጧል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በፎርኩ ግራ አናት ላይ የሚዞር ክዳን ታያላችሁ፤ የ“+” እና የ“-” ምልክት አለው። ወደ “+” ስታዞሩት ሞላው ከመነሻው ትንሽ ይጨመቅና ስትቀመጡ የሚወርደው ይቀንሳል። የሞላውን ጥንካሬ ግን አይለውጥም። ወንድማችን ክዳኑን እስከ መጨረሻው አዙሮት ነበር፤ ሳጉ ጥሩ መሰለ፣ ግጭቱ ግን አልቆመም።

ሳጉ ከልክ በላይ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠይቁት ለፎርካችሁ ጠንካራ ሞላ ይገኝ እንደሆነ ነው። ኤስአር ሰንቱር ኤክስሲኤምና ኤክስሲአር ለተባሉት ፎርኮቹ ለስላሳ፣ መካከለኛና ጠንካራ ሞላ ለየብቻ ይሸጣል። ሞላው ከሞዴሉና ከስምጠቱ ርዝመት ጋር መግጠም አለበት፤ ሞዴሉ በእግሩ ላይ ወይም ከኋላ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ዋጋው ከሙሉ ፎርክ ጋር አይወዳደርም። መቀየሩም ቀላል ነው፤ ክዳኑን ወደ “-” መልሶ በቁልፍ መፍታት፣ አሮጌውን ሞላ መሳብ፣ አዲሱን ግራሶ ቀብቶ ማስገባት። ከአንድ ሰዓት አይፈጅም።

አንድ ጉድለት ግን አለው፤ ልንደብቃችሁ አንፈልግም። በጣም ርካሾቹ ፎርኮች የመመለሻ ፍጥነት ማስተካከያ የላቸውም። ጠንካራ ሞላ ሲገባባቸው መሪውን ወደ ላይ ይወረውራሉ። በከተማ መንገድ ይቻላል፤ ድንጋያማ ቁልቁለት በፍጥነት ለሚወርድ ግን አደገኛ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ነጂ በአየር የሚሠራ ፎርክ ይሻለዋል። በአየር ፎርክ ሞላው አየር ስለሆነ የሰውየውን ክብደት ያህል መንፋት ይቻላል። መመለሻውን የሚያስተካክለው ቁልፍ ደግሞ ከታች በኩል ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ የጥንቸልና የኤሊ ሥዕል አለበት። አየር በጨመራችሁ ቁጥር ወደ ኤሊው ትንሽ አዙሩ። ከመጠነኛዎቹ የሮክሾክስ ሪኮን 32 ሚሊ ሜትር ቱቦ አለው፤ የሮክሾክስ ጁዲ 30 ነው። ከበድ ላለ ሰው 32ቱ ይመረጣል፤ ፍሬን ሲያዝ አይወላገድም። የአየሩ ከፍተኛ ልክ በፎርኩ ወይም በመመሪያው ላይ ተጽፏል፣ ከዚያ አትለፉ። ለመንፋት የሾክ ፖምፓ ያስፈልጋል፤ የጎማ ፖምፓ ከፍተኛውን ግፊት በትንሽ በትንሹ መጨመር አይችልም። ፖምፓው በግል የሚገዛ ዕቃ አይደለም፣ አምስት ሆናችሁ አንድ ግዙ።

ያገለገለ የአየር ፎርክ ስትገዙ ገንዘብ የሚበላው አለመግጠሙ ነው። አሮጌ ብስክሌቶች በጎማው ቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን አላቸው፤ አብዛኞቹ የአሁን ፎርኮች ግን የዲስክ ፍሬን ማሰሪያ ብቻ ነው ያላቸው። ፎርኩን ገዝታችሁ የፊት ፍሬን አልባ ትሆናላችሁ፤ ወይም ጎማ፣ ፍሬንና ፎርክ አንድ ላይ ትገዛላችሁ። ቀጥሎ ወደ መሪው የሚወጣውን ቱቦ እዩ። እኩል ወፍራም የሆነው 28.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከታች የሚሰፋው ግን በአብዛኛው አሮጌ ፍሬም ውስጥ አይገባም። የቀድሞ ባለቤቱ አሳጥሮ ቆርጦት ከሆነም መሪው የሚታሰርበት አይተርፍም። የጎማው ልክ (26፣ 27.5 ወይም 29) እና የመሐል አክሱ (9 ወይም 15 ሚሊ ሜትር) ከእናንተ ጎማ ጋር ይዛመዱ። ከዚያ የፊት ፍሬን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁ፤ ቱቦዎቹ በእግሮቹ ውስጥ ከተንገጫገጩ ወይም ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካላቸው ተዉት። ሻጩ ከእኛው ከሆነ ደግሞ ዐይቡን ሳይጠየቅ ይናገር።

ሻጩ ለወንድማችን የመከረው ረጅም የሚሰምጥ ፎርክስ? ፍሬሙ ለ10 ሴንቲ ከተሠራ 2 ሴንቲ በጨመራችሁ ቁጥር የፊቱ ክፍል ይነሳና የመሪው ማዕዘን በአንድ ዲግሪ ያህል ይተኛል። ጉድጓድ ሲመታም ፎርኩ የፍሬሙን አንገት የሚጎትትበት ጉልበት ይጨምራል። ከባድ ሰው ደግሞ አንገቱን አስቀድሞ ያስጨንቀዋል። ስለዚህ በዚያው ልክ ቆዩ።

የኋላ ሾክ ያለው ብስክሌት ያላችሁ እህትና ወንድሞች፣ ሽቦ ሞላው ላይ 450 ወይም 650 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ሞላውን አንድ ኢንች ለመጨመቅ የሚያስፈልገው ፓውንድ ነው። ምሳሌ እናስላ። ጎማው 125 ሚሊ ሜትር ሲነሳ ሾኩ 50 ሚሊ ሜትር የሚጨመቅ ከሆነ ንጽጽሩ 2.5 ነው። ከ105 ኪሎ ውስጥ 65 በመቶው ኋላ ያርፋል እንበል፤ 68 ኪሎ። በ2.5 ሲባዛ 170 ኪሎ፣ ማለትም 376 ፓውንድ ገደማ። ሾኩ 30 በመቶ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሜትር ወይም 0.59 ኢንች እንዲወርድ ከፈለግን 376 ለ0.59 ሲካፈል 640 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ 650 ይስማማል። በዚሁ ብስክሌት 70 ኪሎ ሰው 425 አካባቢ ይበቃዋል። የራሳችሁን ቁጥሮች ተኩና አስሉ። ዋጋው በጣም ርካሽ የሆነ ባለ ሁለት ሾክ አዲስ ብስክሌት ግን ለከባድ ሰው አንመክርም፤ መገጣጠሚያዎቹ ቶሎ ይላላሉ።

ሾክ ጨርሶ የማይፈልጉም አሉ። ኮብልስቶንና አስፋልት ብቻ የሚነዳ ሰው ከብረት የተሠራ ሾክ አልባ ፎርክና ሰፊ ጎማ (2.25 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ፣ ፍሬሙ ካስገባው) ቢያደርግ ርካሽ፣ ጠንካራና ጥገና የማይፈልግ ብስክሌት ይኖረዋል። ፎርኩ ሾክ የነበረውን ቁመት እንዲተካ ሆኖ የተሠራ ይሁን። ከእኛ መካከል ሁለቱ እንዲህ ነው የሚነዱት፤ ከሾክ ወዳጆች ጋር ያላቸው ክርክርም አያልቅም።

የወንድማችን ነገር እንዲህ ሆነ። ፎርኩ ኤክስሲኤም ስለነበር ጠንካራውን ሞላ አስመጣን፤ አሮጌው ግራሶ ደርቆ እንደ ጭቃ ሆኖ ነበር፣ እሱን ጠርገን ቀየርነው። ሳጉ ከ3 ሴንቲ በላይ ከነበረበት ወደ 2 ወረደ። በሳምንቱ መጨረሻ ክሩ ከቱቦው ጫፍ አንድ ጣት ያህል ቀርቶት ቆሟል። ከተረፈው ገንዘብ ላይ የፍሬን ሸራና የኋላ ጎማ ገዛ፤ የኋላ ቸርኬው ሽቦዎች ላልተው ስለነበር እነሱንም አስወጠረ። መሪው አሁንም ጉድጓድ ላይ ትንሽ ይፈናጠራል። ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ ይወርዳል።

መለካት የምትፈልጉ ዘወትር ከዐስር በኋላ ብስክሌታችሁን፣ አንድ ክርና ማስመሪያ ይዛችሁ ኑ።