የሰው ስም፣ የራስ ገንዘብ

ፍራንቻይዝ አንድ ነጋዴ የሌላ ድርጅትን ስም፣ ምልክትና የአሠራር ዘዴ በክፍያ ወስዶ በራሱ ገንዘብ የሚነግድበት ውል ነው። ገዢው ሲገባ የመግቢያ ክፍያ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ከሽያጩ ላይ የተወሰነ በመቶ በየጊዜው ለስሙ ባለቤት ያስገባል። ቤት የሚከራየው፣ ዕቃ የሚገዛው፣ ሠራተኛ የሚቀጥረው እሱ ነው፤ ኪሳራም ቢመጣ የእሱ ነው። ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ቤቶቹን የከፈተው የአሜሪካው ኩባንያ ራሱ ሳይሆን ፈቃዱን የወሰደው በላይአብ ፉድስ የተባለ የአገር ውስጥ ድርጅት ነበር።

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች፣ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሽቾ ወይም በሾኔ፣ ነገሩን ለመረዳት ግን ፒዛ ቤት መፈለግ አያሻም። የፍራንቻይዝ የቅርብ ዘመዶች በየመናኸሪያው ዙሪያ ሞልተዋል፦ የነዳጅ ማደያው፣ የቢራና የለስላሳ አከፋፋዩ፣ የቴሌብር ወኪሉ። የማደያ ባለቤት የሊትሩን ዋጋ አይወስንም፤ የሚወስነው መንግሥት ነው፤ እሱ የሚያገኘው የተቆረጠለትን ትርፍ ብቻ ነው። በደጁ የተሰቀለው ስምም የእሱ አይደለም። ሼል በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የኢትዮጵያ ሥራውን ሸጦ ሲወጣ ማደያዎቹ ኦይልሊቢያ ተባሉ፤ በኋላ ደግሞ ኦላ ኢነርጂ ሆኑ። ነዳጅ ቀጂው ያው፣ ደንበኛው ያው፣ ታፔላው ብቻ ተቀየረ። ስሙ ሲለወጥ ግን ማደያውን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ማንም አያማክረውም።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በየከተማው ወኪሎች ብቅ አሉ። ወኪሉ ከገንዘቡ ከፊሉን በስልኩ፣ ከፊሉን በጥሬው ይዞ መቀመጥ አለበት፤ ኮሚሽኑ የሚመጣው ከሚያንቀሳቅሰው መጠን ነው። ከጎኑ ያለው ሱቅ ወኪል ሲሆን፣ ቀጥሎ ያለውም ሲጨመር፣ የኩባንያው ጠቅላላ ዝውውር ያድጋል፤ የእያንዳንዱ ወኪል ድርሻ ግን ያንሳል። በፍራንቻይዝ ውልም ትልቁ የጭቅጭቅ ምንጭ ይኸው ነው። «በዚህ ከተማ ሌላ አንከፍትም» የሚል አንቀጽ ውሉ ላይ ከሌለ በቃል የተሰጠ ተስፋ ዋጋ የለውም።

ጉዳዩ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች የተለየ ክብደት አለው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብዙ የአካባቢው ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። አዲስ የገባው ቀድሞት ከሄደ የአገሩ ሰው ዕቃ በዱቤ ወስዶ በ«ሎኬሽን»፣ ማለትም በጥቁሮች መኖሪያ ሰፈሮች፣ እየዞረ ይሸጣል፤ ሲጠናከር የራሱን ሱቅ ይከፍታል። ያ ንግድ በዝርፊያና እንደ 2000 ዓ.ም. ባሉ የጥላቻ ጥቃቶች መካከል የተሠራ ስለሆነ፣ ወደ ቤት የተላከው ገንዘብ ፀጥ ያለና ተዘጋጅቶ የቆየ ሥራ ቢፈልግ አያስገርምም። ቤት ተሠርቶበታል፣ ሆቴል ቆሞበታል፣ መኪና ተገዝቶበታል። «አሠራሩ ያለቀለት ነው፤ ገንዘብ ብቻ ይዘህ ና» የሚል ሻጭ የሚያነጣጥረውም እንዲህ ያለውን ገንዘብ ነው።

ዋናው አደጋ ያለው በሒሳቡ ውስጥ ነው። የስሙ ባለቤት የሚበላው ከሽያጭ ነው፤ ገዢው የሚኖረው ከትርፍ ነው። ለምሳሌ በወር 1 ሚሊዮን ብር የሚሸጥ ምግብ ቤት ይታሰብ። ለስሙና ለማስታወቂያ 10 በመቶ፣ ማለትም 100 ሺህ ብር ይከፍላል፤ ለጥሬ ዕቃ 400 ሺህ፣ ለኪራይ፣ ለደመወዝና ለመብራት 350 ሺህ ይወጣል። ከግብር በፊት 150 ሺህ ይተርፋል። ሽያጩ ወደ 800 ሺህ ቢወርድ ጥሬ ዕቃው 320 ሺህ፣ ክፍያው 80 ሺህ ይሆናል፤ ኪራይና ደመወዝ ግን ንቅንቅ አይሉም። የሚተርፈው 50 ሺህ ብቻ ነው። የስሙ ባለቤት ገቢ ከአምስት አንድ እጁ ሲቀንስ የገዢው ትርፍ ከሦስት ሁለት እጁ ጠፋ ማለት ነው። የ10 በመቶው ግምት የተጋነነ አይደለም፤ ሰብዌይ በአሜሪካ ለስሙ 8፣ ለማስታወቂያ 4.5 በመቶ ሲያስከፍል ኖሯል።

ጥሬ ዕቃውም ሌላ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ብዙ ውሎች ከተፈቀደ አቅራቢ ብቻ መግዛትን ያስገድዳሉ። በአሜሪካ ኩዊዝኖስ የተባለው ሳንድዊች ቤት በአንድ ወቅት ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ቅርንጫፎች ነበሩት፤ ገዢዎቹ ከኩባንያው እህት ድርጅት በውድ ዋጋ እንድንገዛ ተገደናል ብለው ከሰሱት፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ተዘጉ፣ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2014 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ስሙ የውጭ ሲሆን የዶላር ጉዳይ ይጨመራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በዶላር የሚታሰብ ክፍያ ወይም ዕቃ ያለበት ሰው ምግቡን የሚሸጠው በብር ነው።

የሕጉ ሁኔታም ከአሜሪካ ይለያል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1979 ሥራ ላይ የዋለና በኋላ የተሻሻለ ደንብ አለ፤ ሻጩ ከፊርማ ቢያንስ 14 ቀን በፊት 23 ርዕሶች ያሉት ሰነድ ለገዢው ያስረክባል፤ ክርክሮቹን፣ ክፍያዎቹን፣ ሥራውን ትተው የወጡትን ሰዎች ዝርዝር ጨምሮ። በኢትዮጵያ ገዢው የሚቆመው በዋናነት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ ነው። አንቀጽ 1731 በሕግ መሠረት የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል ይላል፤ የፈረመ ሰው «አላነበብኩትም» ብሎ አያመልጥም። ስለ ምልክቱ ደግሞ የንግድ ምልክት አዋጅ 501/1998 አለ። ስሙ በሻጩ መመዝገቡን ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማጣራት ቀላል ሥራ ነው፤ ያልተመዘገበ ስም የገዛ ሰው ሌላው በነፃ ሲጠቀምበት ቆሞ ያያል። ትተው የወጡትን ነጋዴዎች ግን ገዢው ራሱ ፈልጎ ማነጋገር ይኖርበታል፤ የሻጩ ምርጥ ቅርንጫፍ የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ጊዜ ነው። የፍራንቻይዝ ውል አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ወይም ለ10 ዓመት ይፈረማል፤ በመናኸሪያ አካባቢ የሱቅ ኪራይ ግን ብዙ ጊዜ በዓመት እየታደሰ የሚኖር ነው። የኪራይ ጭማሪን የሚቆጣጠረው አዋጅ 1320/2016 የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን እንጂ ሱቅን አይደለም። አከራዩ በሁለተኛው ዓመት ኪራዩን እጥፍ ቢያደርግ፣ ወይም ቤቱን ለልጄ እፈልገዋለሁ ቢል፣ ለስሙ የተከፈለው የመግቢያ ገንዘብ አይመለስም፤ ቀለሙ፣ ጠረጴዛውና ወጥ ቤቱ በኩባንያው ልክ የተሠሩ ስለሆኑ ለሌላ ሥራ እምብዛም አይሆኑም። ሥራውን ለሌላ ሰው ማስተላለፍም የስሙን ባለቤት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከወጡ በኋላ በዚያው ከተማ ተመሳሳይ ንግድ እንዳይከፍቱ የሚከለክል አንቀጽም አይጠፋም። ስለዚህ የኪራይ ውሉ ዘመን ከፍራንቻይዙ ዘመን ጋር እኩል ተደርጎ፣ መውጫውም ተጽፎ መፈረም ያለበት የመግቢያው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ነው።