የወር አበባ ሲጠፋ፦ ፒሲኦኤስ ምንድን ነው?

ደብረ ታቦር ውስጥ የምትማር አንዲት የ17 ዓመት ልጅ አለች እንበል። የወር አበባዋ ካየችው አራት ወር አልፏል። ብጉሯ አልለቅ ብሏል፤ አገጯ ላይም ጠቆር ያለ ፀጉር ወጥቷል። ለእናቷ እንዳትነግር "አርግዘሻል" እባላለሁ ብላ ፈራች። ስለዚህ ዝም አለች።

ይህች ልጅ ምንም አላጠፋችም። ምናልባት ያላት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ ባጭሩ ፒሲኦኤስ፣ ሊሆን ይችላል። በዓለም ላይ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 10 ሴቶች አንዷን ያህል ያጠቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ችግሩ እንዳለባቸው አያውቁም።

ስሙ "ብዙ ከረጢት ያለበት እንቁልጢ" እንደማለት ነው። ግን ስሙ ያሳስታል። በአልትራሳውንድ የሚታዩት ትንንሽ ከረጢቶች እብጠት አይደሉም፤ ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ የቆሙ እንቁላሎች የተቀመጡባቸው ናቸው።

ለምን ቆሙ? ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ሁለት ሆርሞኖችን ትልካለች። ኤፍኤስኤች እንቁላሉን ያሳድጋል፤ ኤልኤች ደግሞ ከእንቁልጢ እንዲወጣ ያደርጋል። በፒሲኦኤስ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ኤልኤች ይበዛና እንቁልጢ አንድሮጅን የሚባሉትን ሆርሞኖች ከልክ በላይ እንዲያመርት ይገፋፋል። አንድሮጅን "የወንድ ሆርሞን" ይባል እንጂ ሁሉም ሴት በጥቂቱ አላት። ሲበዛ ግን እንቁላሉ አድጎ አይወጣም፤ የወር አበባም ጊዜውን ይስታል። ብጉሩና የአገጩ ፀጉርም ከዚሁ የሚመጡ ናቸው።

ሌላው ተዋናይ ኢንሱሊን ነው። የሰውነት ሴሎች ለኢንሱሊን በደንብ አልታዘዝ ሲሉ ቆሽት የበለጠ ያመርታል። የበዛው ኢንሱሊን እንቁልጢን ተጨማሪ አንድሮጅን ያሠራዋል። ጉበትንም ቴስቶስቴሮንን በደም ውስጥ አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን እንዲቀንስ ያደርገዋል። አንገትና ብብት ላይ ቆዳ ጠቁሮ ወፈር ማለቱ የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል። ውፍረት ችግሩን ያባብሳል፤ ቀጭን ልጆችንም ግን ይይዛል።

እሺ፣ የወር አበባ የጠፋባት ሁሉ ፒሲኦኤስ አለባት ማለት ነው? አይደለም። እርግዝና፣ የምግብ እጥረት፣ ከባድ ጭንቀት፣ የታይሮይድ ዕጢ መታወክም ያጠፉታል። በጉና ተራራ ዙሪያ ላሉ ደገኞች ይህ የመጨረሻው እንግዳ አይደለም። በደጋ አገር ዝናብና ጎርፍ አዮዲንን ከአፈር አጥቦ ይወስዳል፤ አዮዲን ሲያንስ ታይሮይድ ያብጣል፣ እሱም እንቅርት ነው። "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚለው ተረት እንኳ ችግሩ ምን ያህል የታወቀ እንደሆነ ያሳያል። ለዚህ ነው ሐኪም "ፒሲኦኤስ ነው" ከማለቱ በፊት ታይሮይድንም በደም ምርመራ የሚያጣራው።

ለወጣቶች ሌላም ጥንቃቄ አለ። የወር አበባ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዛባቱ የተለመደ ነው። በዚህ ዕድሜ አልትራሳውንድ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የወር አበባው መዛባትና የአንድሮጅን መብዛት ሁለቱም መታየት አለባቸው።

ፒሲኦኤስ ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለውም፤ ሆኖም በእንቅስቃሴ፣ በአመጋገብና ሐኪም በሚያዛቸው መድኃኒቶች መቆጣጠር ይቻላል። "መካን ትሆኛለሽ" ማለትም አይደለም፤ ብዙዎቹ ይወልዳሉ። ችላ ከተባለ ግን ለስኳር በሽታ ያጋልጣል፤ ለረጅም ጊዜ ሳይፈስ የቆየው የማህፀን ግድግዳም ከመጠን በላይ ሊወፍር ይችላል።

ስለዚህ የወር አበባሽ የመጣበትን ቀን ጻፊው። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ቀላል ነው፤ ከጥቅምት 5 እስከ ኅዳር 5 ልክ 30 ቀን ነው። ከጀመረሽ ከሦስት ዓመት በኋላ በየጊዜው ከ35 ቀን በላይ የሚዘገይ ከሆነ፣ ወይም ሦስት ወር ሙሉ ከጠፋ፣ ማስታወሻሽን ይዘሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። አንተም ወንድሟ ከሆንክ፣ ከመጠርጠርህ በፊት ይህን ንገራት።