ኔክስትጄን

ኔክስትጄን የአሜሪካን የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ከመሬት ራዳር ወደ ሳተላይት ለማሸጋገር የተነደፈ መርሐ ግብር ነው። መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ሕግ ነው።

የረጅም ርቀት ራዳር የአውሮፕላንን ቦታ የሚያድሰው በየ12 ሰከንዱ ገደማ ነው። ኤዲኤስ-ቢ በተባለው ዘዴ ግን አውሮፕላኑ ራሱ ቦታውን በጂፒኤስ አውቆ በየሰከንዱ ያሰራጫል። መሣሪያው ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ቁጥጥር በሚደረግበት አብዛኛው የአየር ክልል ግዴታ ሆኗል።

አስቸጋሪው ሥርዓቱን አጥፍቶ መለወጥ አለመቻሉ ነው፤ አሮጌው ሳይቆም አዲሱ ጎን ለጎን ይተከላል። ከፊሎቹ ራዳሮችም ጂፒኤስ ቢታወክ መጠባበቂያ እንዲሆኑ ይሠራሉ። መጠባበቂያ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፦ ጃንዩዋሪ 11 ቀን 2023 ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ የሚያሰራጨው የቆየ ሥርዓት፣ ዋናውና መጠባበቂያው የመረጃ ቋት ሲመሳሰሉ ፋይሎች በስህተት ተሰርዘው ቆመ። በመላ አገሪቱም የአገር ውስጥ በረራዎች እንዳይነሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ታገዱ።