በበረዶ ወራት በድንኳን ስለ ማደር

ብርድ የምንለው ነገር የራሱ ህላዌ የሌለው፣ ጨለማ የብርሃን መጉደል እንደ ሆነ ሁሉ እርሱም የሙቀት መጉደል ብቻ የሆነ ነውና፣ በበረዶ ላይ ድንኳን ተክሎ ሊያድር የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው፣ ከውጭ ስለሚገባበት ጠላት ሳይሆን ከድንኳኑ ውስጥ ስለሚወጡት ሦስት ነገሮች ነው፤ እነዚህም ሙቀት፣ እንፋሎትና ጢስ ናቸው። ሙቀቱ እጅግ በዝግታ እንዲወጣ፣ እንፋሎቱና ጢሱ ግን ፈጥነው እንዲወጡ ይፈለጋል፤ ይህን የሚቃረን ሥራ ሁሉ የሚሠራው ደግሞ ያው አንድ ጨርቅ ነው። በገዛ እጁ ድንኳን ሰፍቶ፣ በውስጡም የእንጨት ምድጃ ተክሎ ለማደር የሞከረ ሰው የሚገጥመው ችግር ሁሉ፣ ምንም ዓይነት መልክ ቢይዝ፣ ከዚህ ቅራኔ የሚመነጭ ነው።

ይህ የአኗኗር ልማድ በሰፊው ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታትን ከካናዳ የሚለየው የሚኒሶታ ሰሜናዊ ወሰን ነው። በዚያ፣ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሐይቆች የሚገኙበት ባውንደሪ ዋተርስ የሚባል ጥብቅ የዱር ምድር አለ፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግም ከአብዛኛው ክፍሉ ሞተር ስለ ተከለከለ፣ ሐይቆቹ በበረዶ በሚደፈኑበት ወራት ኢሊ ከምትባለው ትንሽ ከተማ የሚነሣው መንገደኛ ጓዙን ቶቦጋን በሚሉት ረጅምና ጠባብ መጎተቻ ላይ ጭኖ በእግሩ ይሄዳል። የቁሩን ልክ ለመገመት ያህል፣ በዚያው አካባቢ በምትገኘው በታወር ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። በየዓመቱ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ከዜሮ በታች 30 የወረደ ሌሊት በዚያ አገር ማንንም አያስገርምም። በሚኒያፖሊስና በሴይንት ፖል የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችንም፣ ድንኳን ይዘው ባይወጡ እንኳ፣ ይህን ቁር ከነጠባዩ ያውቁታል።

ምድጃን በድንኳን ውስጥ መትከል የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። በላብራዶርና በኩቤክ ዱር የሚኖሩት የኢኑ ሕዝብ ሸራና ቆርቆሮ ከነጋዴ እጅ ማግኘት ከጀመሩ ወዲህ፣ ወለሉን በጥድ ዓይነት ዛፍ ቅርንጫፍ አንጥፈው፣ በበሩ አጠገብ ቀላል የቆርቆሮ ምድጃ ተክለው አደን በሚያድኑበት ወራት ሁሉ ቤተሰባቸውን የሚያሳድሩት በዚህ ዓይነት ድንኳን ነው። በጦር ሠራዊት በኩል ደግሞ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ሄንሪ ሆፕኪንስ ሲብሊ የተባለው የአሜሪካ መኮንን ነው፤ እርሱም የሜዳው ነገዶች በሚኖሩባቸው ሾጣጣ ድንኳኖች ተመርቶ፣ ቁመቱ 3.7 ሜትር፣ የግርጌው ስፋት 5.5 ሜትር የሆነ ባለ አንድ ምሰሶ ድንኳን አውጥቶ በ1856 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አገኘበት። በስሙ የሚጠራው ምድጃ ከላሜራ የተጠቀለለ፣ ግርጌ የሌለው ሾጣጣ ነገር ሲሆን፣ የአሜሪካ ጦር እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ሲገለገልበት ኖሯል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሰው ፈጽሞ ባዕድ እንዳይመስለን አንድ ነገር ልጨምር፤ ሲብሊ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡቦቹ ወገን ተሰልፎ ከተሸነፈ በኋላ፣ የግብፁ ከዲቭ እስማኤል ከቀጠራቸው አሜሪካውያን መኮንኖች አንዱ ሆኖ ከ1870 እስከ 1873 እ.ኤ.አ. በካይሮ አገልግሏል። በመጠጥ ምክንያት ባይሰናበት ኖሮ፣ በ1876 እ.ኤ.አ. በጉራዕ ጦርነት ከአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ፊት ከቆመው ከሌላው አሜሪካዊ መኮንን ከሎሪንግ ጋር አብሮ በመጣ ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ ነገራችን እንመለስና፣ ሙቀትን የሚያዘገየው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ወፍራም ጨርቅ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ሥራውን የሚሠራው ጨርቁ ሳይሆን በጨርቁ ውስጥ ታስሮ መንቀሳቀስ ያቃተው አየር ነው። ጋቢ በአራት እጥፍ የሚደረበው፣ በዚያው ያህል ክር ጠብቆ ከተሸመነ አንድ ወፍራም ጨርቅ ይልቅ የሚያሞቀውም ስለዚህ ነው፤ በእጥፎቹ መካከል የታሰረው አየር በእጅ አይዳሰስም እንጂ እርሱ ነው ልብሱ። ስለዚህም ድንኳኑን በገዛ እጁ የሚሰፋው ሰው ነፋስ የሚመክት ቀላል ጨርቅ ከውጭ፣ ትንፋሽ የሚያሳልፍ የጥጥ ጨርቅ ከውስጥ አድርጎ፣ በመካከላቸው የሱፍ ብርድ ልብስ ወይም ለትራስ መሙያ የሚሆነውን የፖሊስተር ፋይበር ያኖራል። የመንዝ ባና ያለው ሰው ከዚያ የተሻለ ነገር ባይፈልግም ይሆንለታል፤ ሱፍ ውሃ ጠጥቶም ቢሆን ሙቀቱን ጨርሶ አይከዳም፣ ፍንጣሪ ቢያርፍበትም እንደ ናይለን ቀልጦ አይቀደድም፤ ክብደቱ ግን በሚጎትተው ሰው ትከሻ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ምን ያህል እንደሚጠቅም በቁጥር እንየው። የጨርቁ ጠቅላላ ስፋት 20 ካሬ ሜትር የሆነ ድንኳን፣ ውስጡ 10 ዲግሪ፣ ውጭው ከዜሮ በታች 30 ቢሆን፣ በነጠላ ጨርቅ በኩል የሚያመልጠው ሙቀት በግምት 4400 ዋት ይሆናል፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፋይበር ሲታከልበት ግን ወደ 1100 ይወርዳል። ከዚህ ላይ ለመተንፈሻ ሲባል ከሚወጣው አየር ጋር የሚሄደው 400 ዋት ያህል በሁለቱም ላይ ይደመራል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ሲኖረው፣ ትንሽ የላሜራ ምድጃ ከዚያ ለድንኳኑ የሚያቀብለው ግማሹን ያህል ነው፣ የቀረው በቧንቧው ይሄዳል። እንግዲህ አሥር ሰዓት በተከታታይ ለማንደድ በነጠላው ድንኳን 24 ኪሎ፣ በድርቡ 7.5 ኪሎ ገደማ ፍልጥ ያስፈልጋል ማለት ነው። ልዩነቱ ሦስት እጅ ያህል ነው፤ ይህም በወገብ ልክ በረዶ ውስጥ እንጨት ፍለጋ መዋል ወይም ከፀሐይ መግቢያ በፊት ሥራን ጨርሶ መቀመጥ ማለት ነው፤ ፀሐይ ደግሞ በዚያ አገር በታኅሣሥ ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች።

ድንኳን የሚሰፋ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሦስቱን ንጣፍ እንደ ፍራሽ በአንድነት ሲሰፋ ነው። መርፌ ባለፈበት ሁሉ ፋይበሩ ተጨምቆ ይሞታል፤ ስፌቱ የሄደበት መሥመርም በማግሥቱ ጧት በአመዳይ ነጥቶ ይታያል፣ ሙቀት በየት በየት እንዳመለጠ የሚመሰክር ጽሕፈት ማለት ይህ ነው። ከዚህ ይልቅ እኔ የምመርጠው ውስጠኛውን ንጣፍ ለብቻው ሰፍቶ፣ ከውጭው ጨርቅ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ በማሰሪያ ማንጠልጠልን ነው፤ ሲቆሽሽ ይወልቃል፣ ሲረጥብ ይሰጣል፣ ሙቀት በሚሆንበት ወራትም ከቤት ይቀራል። በምድጃው ዙሪያ ግን ፋይበርም ሆነ ናይለን ፈጽሞ አይደርስም፤ ቧንቧው ጣራውን የሚያልፍበት ቀዳዳ ሰፋ ተደርጎ ተቆርጦ፣ ከመስታወት ክር ተሸምኖ በሲሊኮን የተለበጠ ጨርቅ ይታከልበታል።

ሁለተኛው ወጪ እንፋሎት ነው። አንድ የተኛ ሰው በትንፋሹና በላቡ በአንድ ሌሊት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ያወጣል፤ ሁለት ሰው ተኝቶ፣ ከድስትም የፈላ በረዶ ተጨምሮበት እንደ ሆነ፣ ያ ሁሉ ውሃ አንድ ቦታ ማረፍ አለበት። ጤዛ የሚሆንበት ስፍራ በፋይበሩ መካከል ከሆነ፣ ፋይበሩ ቀስ በቀስ በረዶ ይሆናል፤ በረዶ ደግሞ የታሰረውን አየር ቦታ ስለሚይዝ ድርቡ ድንኳን በሦስተኛው ቀን ነጠላ፣ ያውም ከባድ ነጠላ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከጣራው በታች በሁለቱም ጫፍ የእጅ መዳፍ የሚያሾልክ መተንፈሻ ይተዋል፤ ሙቀት ያባክናል የሚል ሰው አይጠፋም፣ ነገር ግን ከላይ የተቆጠረው 400 ዋት የዚሁ ዋጋ ነው፣ ከዚህ የረከሰ ግዢም የለም።

የቀድሞ ሊቃውንት ስለ አራቱ ባሕርያት ሲያስተምሩ እሳትን ውዑይና ይቡስ፣ ውሃን ቆሪርና ርጡብ ይሉታል፤ ሁለቱ በአንድ ፍልጥ ውስጥ ሲገናኙ የሚሆነውን ማየት የፈለገ እርጥብ እንጨት ወደ ምድጃ ይክተት። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ እስከ እኩሌታው ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ያ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የእሳቱን ኃይል ስለሚበላ ነበልባሉ ይዳከማል፣ ጢሱም ሳይቃጠል ወደ ቀዝቃዛው ቧንቧ ወጥቶ እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ነገር ይጋግራል። ይህ ግግር ቧንቧውን ከማጥበቡም በላይ አንድ ቀን በራሱ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ የሚለቀመው ሞቶ የደረቀ እንጨት ነው፤ በጥብቁ ምድር ሕያው ዛፍ መቁረጥ ሕጉም አይፈቅድም። የበርች ዛፍ ልጥ ዘይት ስላለው በረዶ ላይ ወድቆ ከርሞ እንኳ በአንድ ክብሪት ይያያዛል፤ ትንሽ ጭራሮ ይታከልበታል፣ ከዚያም የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ስንጥር፣ በመጨረሻም ፍልጥ። ቧንቧው ሲሞቅ ድምፁ ይለወጣል፤ መጀመሪያ እያመነታ የሚያፏጭ የነበረው ወፍሮ ይጎተታል፣ በጨርቁ ውስጠኛ ገጽ ላይ የነበረውም አመዳይ ቀልጦ ወደ ግርጌ ይንጠባጠባል። ያን ጊዜ የአየር ማስገቢያውን በር በግማሽ መዝጋት ይቻላል።

ምድጃውን ለመሥራት ከሁሉ የሚቀርበን ነገር የጣራ ቆርቆሮ ነውና አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባል፤ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ስለ ሆነ ግሎ ሲቀላ የሚወጣው ጢስ ሳንባን ይጎዳል፤ ስለዚህ ተራ ላሜራ ይሻላል። አዲስ ምድጃም ቢሆን መጀመሪያ የሚነድደው ከቤት ውጭ ነው። በበረዶ ላይም እንዲሁ አይቀመጥም፤ ሁለት ሦስት ወፍራም ግንድ ከሥሩ ካልተጋደመለት፣ በመሸ ጊዜ ቀና ብሎ የቆመው እኩለ ሌሊት ላይ በቀለጠው ጉድጓድ ተጋድሞ፣ ቧንቧውም ከመጋጠሚያው ወልቆ ይገኛል።

ከሦስቱ ወጪዎች በሕይወት ላይ የሚፈርደው ግን ጢሱ ነው፤ ይልቁንም ከጢሱ ውስጥ ለዓይን የማይታየው፣ ለአፍንጫም የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ። ይህ ጋዝ ኦክስጅን ከሚያዝበት የደም ክፍል ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጅ በላይ አጥብቆ ስለሚያያዝ፣ ሰውዬው እየተነፈሰ ይታፈናል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያም እንቅልፍ የሚመስል ነገር ይከተላል። በአገራችን በደጋው ከተማ የከሰል ምድጃ ቤት አስገብቶ በሩን የዘጋ ስንት ቤተሰብ በአንድ ሌሊት እንደ ታጣ የማያውቅ የለም። በድንኳንም አደጋው የሚበረታው እሳቱ ሲንበለበል ሳይሆን ሲሞት ነው፤ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ይወጣል፣ ቧንቧውም በዚያው ሰዓት እየቀዘቀዘ መሳቡን ይተዋል። ሰውም በዚያው ሰዓት ይተኛል። ስለዚህ ቧንቧው ከድንኳኑ አናት ከፍ ብሎ ይቆማል፣ በግርጌ በኩል ለእሳቱ የሚሆን አየር መግቢያ ይተዋል፣ በረዶ በጨርቁ ጠርዝ ላይ ሲቆለልም ያ መግቢያ እንዳይደፈን ይታያል፣ የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም በራስጌ ይሰቀላል፤ ባትሪ በብርድ ስለሚደክም ትርፍ ባትሪ በደረት ኪስ ይያዛል።

እኔ በበኩሌ የምመክረው ሌሊቱን ሁሉ እያነደዱ ማደርን አይደለም። ፍሙ ከስሎ እስኪያልቅ ነቅቶ መቆየት፣ ከዚያም ምድጃ እንደሌለ ቆጥሮ ለውጭው ቁር በተሠራ የመኝታ ከረጢት ውስጥ መግባት ይሻላል። ድርቡ ጨርቅ ቅዝቃዜውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ አየር የሚሸከመው ሙቀት ጥቂት ስለ ሆነ እሳቱ ከሞተ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ የውስጡና የውጩ ልዩነት እጅግ ይጠባል። የክብሪቱ ሳጥን፣ የበርቹ ልጥና የተሰነጠረው እንጨት ግን ከመኝታው ሳይነሡ እጅ በሚደርስበት ስፍራ ተዘጋጅተው ያድራሉ።

በማግሥቱ ድንኳኑ ከመፍረሱ በፊት፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ መተንፈሻዎቹ ሁሉ ተከፍተው ምድጃው አንድ ሰዓት ያህል በደረቅ እንጨት በኃይል ይነድዳል፤ ድስት አይጣድም፣ ምንም ውሃ አይፈላም። ይህን ሰዓት የሰሰተ መንገደኛ በየቀኑ ክብደቱ የሚጨምር የበረዶ ጥቅል ይጎትታል። ከዚያም ፍሙ በጥንቃቄ ወጥቶ በረዶ ውስጥ ይጠፋል፣ ቧንቧው በየመጋጠሚያው ተነቅሎ በእንጨት እየተመታ ጥላሸቱ ይራገፋል፣ ጨርቁም ገና ለብ እንዳለ፣ ሳይቀዘቅዝና ሳይገተር ይጠቀለላል።