ካንሰር ወደ አጥንት እንዴት ይደርሳል?

  ይህን ንግግር በወረቀት የያዛችሁ ቀስ ብላችሁ፣ ቃሉን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ካንሰር ነው። ካንሰርን ነቀርሳ የሚሉት አሉ። የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ፣ ግን ሌላ በሽታ ነው። ቲቢ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ካንሰር ግን በትንፋሽም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። ስለዚህ በካንሰር የታመመውን ሰው አትሽሹት።

ካንሰር ምንድን ነው? ሰውነታችን የተሠራው ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች ነው። ዓይን አያያቸውም። ጤነኛ ሕዋስ ልክ ያውቃል፤ ሲበቃ ይቆማል። የካንሰር ሕዋስ ግን ልክ አያውቅም። ይራባል፣ ይራባል፤ ከዚያም ከተነሣበት ቦታ ወጥቶ በደም ሥር ይጓዛል። ከሚደርስባቸው ቦታዎች አንዱ አጥንት ነው። በተለይ የጡት ካንሰር፣ የሳንባ ካንሰር፣ እንዲሁም ፕሮስቴት የሚባለው የወንዶች ዕጢ ካንሰር ብዙ ጊዜ ወደ አጥንት ይሄዳሉ።

ለምን ወደ አጥንት? እስቲ ባሮን ተመልከቱ። ክረምት ሲገባ ከኢሉባቦር ደጋ ጎርፍ ይዞ ይወርዳል። ከጎርፉ ጋር ብዙ ዘር ይመጣል። ውሃው ሲሸሽ ታዲያ ዘሩ ሁሉ ይበቅላል እንዴ? አይበቅልም። ደረቅ አሸዋ ላይ የቀረው ይሞታል። ርጥብ ደለል ያገኘው ግን ይበቅላል። እናንተስ በቆሏችሁን የምትዘሩት በዚሁ ደለል ላይ አይደል?

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1889 ስቲፈን ፓጄት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ ካንሰር ተመሳሳይ ነገር ተናገረ። በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሴቶችን መዝገብ መረመረ። ካንሰሩ በየአካላቸው እንዲያው በነሲብ አልተበተነም። አንዳንዱን አካል ይመርጥ ነበር። ካንሰር እንደ ዘር ነው፤ አካል እንደ መሬት ነው፤ ዘሩ የሚበቅለው የሚስማማውን መሬት ሲያገኝ ነው አለ።

ታዲያ መሬቱን ለካንሰር የሚያመቻችለት ምንድን ነው? አንዱ የሰውነት መቆጣት ነው። ቃሉን አብረን እናንብበው፤ መ–ቆ–ጣ–ት። እሾህ ሲወጋችሁ ቦታው ይግላል፣ ያብጣል፣ ያማል። ቁስሉ ተቆጣ፣ አመረቀዘ እንላለን። ሐኪሞች ብግነት ይሉታል። ቦታው ይቀላልም፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላል።

መቆጣት በራሱ ጠላት አይደለም። የሰውነት ዘበኞች ወደ ቁስሉ የሚሮጡበት ሥራ ነው። ዘበኞቹ እንዲያልፉ የደም ሥር ግድግዳ ይላላል። አዲስ ሥጋ እንዲበቅልም መልእክት ይተላለፋል። ሥራው ሲያልቅ ቁጣው ይበርዳል፤ ቁስሉም ይድናል። ክፉው የማይበርድ ቁጣ ነው። በካንሰር እብጠት ውስጥ ቁጣው ብዙ ጊዜ አይበርድም። ለዘበኞች የላላው ግድግዳ ለካንሰሩም መተላለፊያ ይሆነዋል። ቁስልን ለማዳን የታሰበው መልእክትም ካንሰሩን ያሳድገዋል።

አሁን ወደ አጥንት እንግባ። አጥንት ደረቅ እንጨት አይምሰላችሁ። ሕይወት አለው። እንደ ጎጆ ክዳን ይታደሳል። አሮጌውን የሚያነሡ አፍራሽ ሕዋሳት አሉ፤ አዲሱን የሚከድኑ ገንቢዎችም አሉ። ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ሲገባ እሱና የተቆጣው አካባቢ መልእክት ይልካሉ። አፍራሾቹም ከልክ በላይ ይሠራሉ። አጥንቱ ሲፈርስ በውስጡ ተከማችቶ የነበረ ማሳደጊያ ነገር ይወጣል። ካንሰሩ በዚያ ያድጋል፤ አድጎም እንደገና አፍራሾቹን ይጠራል። ነገሩ እንዲህ እየዞረ ይቀጥላል። በመጨረሻ አጥንቱ ሳስቶ በትንሽ ነገር ይሰበራል። የፕሮስቴት ካንሰር ደግሞ ብዙ ጊዜ ገንቢዎቹን ያጣድፋል። በጥድፊያ የተሠራ አጥንት ግን ጠንካራ አይደለም።

ሌላም መንገድ አለ። የእግር ቁስል ለዓመታት ሳይድን ሲቀር አንዳንዴ ራሱ ወደ ቆዳ ካንሰር ይለወጣል። ያም ካንሰር ከሥሩ ያለውን አጥንት ሰርስሮ ሊገባ ይችላል። በየቁስሉ ይህ አይደርስም። ሆኖም ቁስል ሦስት ወር ካለፈው፣ ጠርዙ ካበጠ፣ ቶሎ ቶሎ ከደማ፣ ቅጠል እየቀያየሩ መቆየት አይገባም። ለሐኪም ይታይ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ጡት ላይ እብጠት ካገኛችሁ፣ ባያምም እንኳ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የጡት ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። አላመመኝምና ደኅና ነኝ አትበሉ። አታስተኩሱት፤ አታስበጡት። ይህ ሌላ ቁስል ይጨምራል፤ ጊዜም ይበላል። ዘሩ ሳይበተን መድረስ ነው ትልቁ ነገር።

ሁለተኛ፤ የአጥንት ሕመም ሁሉ ካንሰር አይደለም። ወባም አጥንት ይቆረጥማል። ጀሪካን መሸከምም ወገብ ያሳምማል። ነገር ግን ሕመሙ ሌሊት የሚብስ፣ ዕረፍት የማያስታግሰው፣ ከሳምንት ሳምንት የሚጨምር ከሆነ ተመርመሩ። በተለይ ቀድሞ ካንሰር ኖሮበት የታከመ ሰው ቁርጥማት ነው ብሎ አይተወው። ከጀርባ ሕመም ጋር እግር ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ዕለቱኑ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፤ እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ መድኃኒት ቁጣንና ሕመምን ያበርዳል እንጂ የካንሰር ማዳኛ አይደለም። በየቀኑ በራስ ፈቃድ ቢወስዱት ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ በሽታውንም ይሸፍናል።

አጥንት ከደረሰ በኋላስ? ብዙ ጊዜ ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። ግን እርዳታ አለ። የአፍራሾቹን እጅ የሚይዝ መድኃኒት አለ። ሕመምን የሚያስታግስ የጨረር ሕክምና አለ። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በኋላ ጅማን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል።

አሁን ጥያቄዎቹን አንብባችሁ መልሱ።
1. የሳንባ ነቀርሳና ካንሰር አንድ ናቸው?
2. መቆጣት መቼ ይጠቅማል? መቼስ ይጎዳል?
3. የማያምም የጡት እብጠት ያገኘች ሴት ምን ታድርግ?

ማንበብ ላልጀመሩ እናቶች፣ እኅቶችና ጎረቤቶች ይህን ጽሑፍ አንብቡላቸው። አማርኛ ለማይሰሙት በአኝዋክኛም፣ በኑዌርኛም ንገሯቸው።