ቬንገር ከሚሴ ቢመጡ ምን ይከለክሉ ነበር?

አርሰን ቬንገር እ.ኤ.አ በ1996 ከጃፓኑ ናጎያ ግራምፐስ ኤይት ተነስተው ሰሜን ለንደን ሲደርሱ የመጀመሪያውን ጦርነት የከፈቱት በፈርጉሰን ላይ አልነበረም። በቸኮሌት ላይ ነበር። ከጨዋታ በፊት ስቴክ፣ እንቁላልና የተጠበሰ ድንች መብላት የለመዱት የአርሰናል ልጆች በአንድ ጊዜ የተቀቀለ ዶሮ፣ አሳ፣ ፓስታና አትክልት ቀረበላቸው። ማርስ የሚባለው ቸኮሌት ደግሞ ጭራሽ ተከለከለ። ኦክቶበር 12 ፈረንሳዊው የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ሊመሩ ወደ ብላክበርን ሲጓዙ ከአውቶቡሱ ኋላ የተቀመጡት ተጫዋቾች ማርሳቸው እንዲመለስላቸው በአንድ ድምፅ ይዘፍኑ ጀመር። በእረፍት ሰዓትም መልበሻ ክፍሉ ጭር ሲልባቸው ቬንገር የቡድኑን ፊዚዮቴራፒስት ልጆቹ ምን ሆነው ነው ብለው ቢጠይቁት፣ ርቧቸው ነው የሚል መልስ አገኙ። ይሄን ኋላ ላይ ራሳቸው እየሳቁ ያወሩት ነው። የተራቡት ልጆች ግን በኢያን ራይት ሁለት ጎሎች 2ለ0 አሸነፉ። በ1997/98 ደግሞ ሊጉንና ኤፍ.ኤ ካፑን ደርበው በሉ።

ይህን ታሪክ የመድፈኞቹ ደጋፊ በቃሉ ያውቀዋል። በዲኤስቲቪ ቤት የሚተርከው ሰው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ እጁ ኮካ፣ በሌላው ጫት ይዞ ነው። እኛ ደጋፊዎች በተጫዋች ሆድ ላይ ጨካኞች ነን። አጥቂው ሁለት ኪሎ ጨመረ ብለን ሳምንት ሙሉ እናማዋለን። አማካዩ በ70ኛው ደቂቃ እጁን ጉልበቱ ላይ ካሳረፈ፣ አበቃለት እንላለን። የራሳችን ሳህን ላይ ስንደርስ ግን ዳኛ የለም፣ ካርድም የለም።

እስቲ ሰውየውን ከነዝርዝራቸው አምጥተን ከሚሴ እናውርዳቸው። ከሚሴን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የፍየል ጥብሱ፣ ጫቱ፣ ፆሙና ኳሱ በአንድ ቅዳሜ ከሰአት የሚገናኙባት ከተማ ስለሆነች ነው።

ለማያውቃት አንባቢ፣ ከሚሴ ከአዲስ አበባ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። ከደብረ ሲና ተራራ ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬንና ካራቆሬን ያለፈ መንገደኛ የሚያገኛት የቆላ ከተማ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው። ቦርከና ወንዝ በአጠገቧ ያልፋል፣ የጨፋ ረግረግ ሜዳ ደግሞ በበጋ ከአፋር ድረስ ከብት እየተነዳ የሚመጣበት የግጦሽ ቦታ ነው። በማሳው ላይ ማሽላና ጤፍ፣ በየደጁ ወተትና እርጎ አለ። ሰኞ ሲሆን የባቲ ገበያ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይገናኝበታል። የባቲ ፍየል ቆዳው እንኳ በቆዳ ነጋዴው ዘንድ በራሱ ስም የሚጠራ ነው። እሁድ ደግሞ የሰንበቴ ገበያ አለ።

አሁን ቬንገር ዝርዝራቸውን አውጥተው ከዚህ ውስጥ ምኑን ይሰርዛሉ? እኔ እስከሚገባኝ አንዱንም አይሰርዙም። እንዲያውም ያቺ የተቀቀለ ዶሮና አትክልት የፈለገችው ነገር እዚህ በሌላ መልክ አለ። እ.ኤ.አ በ2011 የታተመ አንድ ጥናት አስር የኢትዮጵያ ምርጥ የረጅም ርቀት ሯጮችን ለሰባት ቀን እየተከታተለ የሚበሉትን መዝኖ ነበር። ከሚያገኙት ጉልበት 64 ከመቶው ከካርቦሃይድሬት፣ 23 ከመቶው ከስብ፣ 12 ከመቶው ከፕሮቲን የመጣ ሆኖ ተገኘ። አብዛኛው ደግሞ ከእህልና ከአትክልት ነው። በሌላ አነጋገር እንጀራ ነው፣ ወጥ ነው፣ ከእናት ቤት የሚወጣው ነው። በዚያ ምግብ ነው እንግዲህ ዓለም ጉድ እስኪል ድረስ የሚሮጠው። የማሽላ እንጀራ የሚበላ የከሚሴ ልጅ ከማን ያንሳል?

ጥብሱስ? የፍየል ስጋ ከበሬና ከበግ ስጋ ጋር ሲተያይ ስቡ አነስተኛ ነው። ደግሞም ስጋ በዚያ አገር ቤት የየቀን ነገር አይደለም። ለኢድ፣ ለአረፋ፣ ለሰርግ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ወይ ከገበያ መልስ የሚበላ ነው። ስድስት ቀን ሽሮና ምስር በልቶ በሰባተኛው ቀን ጥብስ የሚያዝ ሰው ሚዛኑን ሳያስበው ጠብቋል። ፈረንጆቹ ዛሬ የነፃ ምግብ ቀን እያሉ ብዙ ገንዘብ ለስነ ምግብ ባለሙያ ከፍለው የሚማሩትን እኮ ነው። ያ ሚዛን የተናጋው ጥብሱ የየቀን ሲሆንና፣ ከጥብሱ ይልቅ ደግሞ ማንም ምግብ ብሎ የማይቆጥረው ነገር ሲበዛ ነው። ለስላሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ችፕስ። የጠጣነውን ማን ይቆጥራል?

የቅዳሜውን ፕሮግራም አስቡት። እንግሊዝ ውስጥ ከቀትር በኋላ 6፡30 የሚጀመረው ጨዋታ እዚህ እንደ ወቅቱ 8፡30 ወይም 9፡30 ላይ ነው። ዋናዎቹ ጨዋታዎች 11 ወይም 12 ሰዓት ይጀመራሉ። የምሽቱ ደግሞ 1፡30 ወይም 2፡30። ሦስቱንም የሚከታተል ሰው ወደ ሰባት ሰዓት ያህል ከወንበር አይነሳም። በርጫው የሚጀመረውም ከምሳ በኋላ ነው፣ ልክ ከመጀመሪያው ፊሽካ ጋር። ስለ ዱዓ ጫት አይደለም የማወራው። የወሎ ሽማግሌ ቡና አስፈልቶ፣ እጣን አጢሶ ሲመርቅ ሌላ ዓለም ነው፣ የስፖርት ጋዜጠኛ እዚያ ምን አገባው። የማወራው የኳስ ጫት ስለሚባለው ነው።

ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አሰራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል፣ ልብን ያስሮጣል፣ ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ግን ረሃብን መዝጋቱ ነው። ቃሚው ማታ 2 ሰዓት ላይ እራት ቢያቀርቡለት አያየውም። አፉ ስለሚመርና ስለሚደርቅ ግን ይጠጣል፣ ጣፋጭ ጣፋጩን። 300 ሚሊ ሊትር የምትይዘው የኮካ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፣ ሰባት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ለጤና ይበልጥ የሚበጀው በቀን ከ25 ግራም በታች ነው። በአንዷ ጠርሙስ ኮታው አለቀ ማለት ነው። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ፣ ያ ስኳር የተዘጋበት ሻይ ሁሉ ትርፍ ነው። ከዚያ ምርቃናው ሲበርድ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ረሃቡ ተጠራቅሞ ይመጣና ያገኘውን ሁሉ በልቶ ይተኛል። ማለቴ ይተኛል ከተባለ።

የሚያስቀው ደግሞ እዚያው ቤት ሮናልዶ አምላክ ነው። ሰውየው ጁን 14 ቀን 2021 ቡዳፔስት ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ጋዜጣዊ መግለጫ ከፊቱ የተደረደሩትን ሁለት የኮካ ጠርሙሶች ገፋ አድርጎ የውሃውን ጠርሙስ ከፍ ሲያደርግ ያላጨበጨበ አልነበረም። በማግስቱ ፖግባ የቢራውን ጠርሙስ ከጠረጴዛው ሲያነሳማ የከሚሴ ሰው ልቡ ምን ያህል እንደሞቀ መገመት አያቅትም። ጭብጨባው ግን ኮካ በያዘ እጅ ነበር።

ለተጫዋች ነገሩ ከዚህ የከፋ ነው። በየቀበሌው ሜዳ የሚጫወቱ፣ ነገ ወደ ትልቅ ክለብ እሄዳለሁ ብለው የሚያስቡ ልጆች ይህን አንቀፅ ደግመው ቢያነቡት እወዳለሁ። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ካወጣው የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ የጫቱ ካቲኖን አለ። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ የሚለወጥበት ካቲን የሚባለውም በሽንት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮ ግራም ካለፈ ክልክል ነው። ክልከላው በውድድር ወቅት የሚፀና ሲሆን የውድድር ወቅት የሚባለው የሚጀምረው ከጨዋታው ዋዜማ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። አርብ ከሰአት የቃመ ተጫዋች ቅዳሜ ሽንቱን ሲሰጥ ውስጡ የቀረ ነገር ሊገኝበት ይችላል። አገሬው ሁሉ ይቅማል፣ ባህል ነው ብሎ መከራከር ላቦራቶሪ ውስጥ አይሰራም። ምን ዋጋ አለው፣ በመርፌ የገባ ይሁን በጉንጭ የተያዘ ማሽኑ አይለይም።

ወደ ፆሙ እንምጣ። ረመዳን ሲገባ ተጫዋች ይደክማል የሚለው ወሬ በየዓመቱ ይነሳል። እ.ኤ.አ በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ አልጄሪያ ከጀርመን ጋር ጁን 30 ቀን የተጋጠመችው ረመዳን በገባ በቀናት ውስጥ ነበር። አሰልጣኙ ቫሂድ ሃሊልሆዲች ማን ይፆማል እያሉ ሲወተውቷቸው ተቆጥተው የግል ጉዳይ ነው ብለው ዘጉት። በጀርመን በኩል ሜሱት ኦዚል ስራ ላይ ስለሆንኩ አልፆምም ብሎ ነበር። አልጄሪያዎቹ ጨዋታውን እስከ ጭማሪ ሰዓት ወስደውት 2ለ1 የተሸነፉት ጀርመንን ላብ በላብ አድርገው ነው። ደከሙ ያለ ሰው ጨዋታውን አላየውም።

ጥናቶቹም እንደዚሁ ሁለት ናቸው። በአልጄሪያ ፕሮፌሽናሎች ላይ የተሰራው በረመዳን አቋም እንደሚወርድ አገኘ። ፊፋ እ.ኤ.አ በ2006 ቱኒዚያ ውስጥ ወጣት ተጫዋቾችን ካምፕ አስገብቶ እንቅልፋቸውን፣ ውሃቸውንና ልምምዳቸውን ተቆጣጥሮ ያሰራው ግን ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላየም። ልዩነቱ የት ነው? እኔን የሚታየኝ ሌሊቱ ላይ ነው። ቀን የሚፆመው ሁለቱም ጋ ያው ነው። አንዱ ጋ ግን ከማፍጠሪያው እስከ ሱሁር ያለው ሰዓት በስርአት ሄዷል። ተምርና ውሃ፣ ሾርባ፣ ከዚያ መደበኛ እራት፣ ከዚያ እንቅልፍ። እኛ ጋ ሲሆን ተምሩ ላይ አምስት ሳምቡሳ፣ ሳምቡሳው ላይ ለስላሳ፣ ከተራዊህ በኋላ ደግሞ ጫት፣ እስከ ሱሁር። ቀኑን ሙሉ የታገሰ ሰው በሌሊት ይሸነፋል። ሳምቡሳን እንደ ማርስ ይከልከል የሚል ካለ ግን ወላሂ እኔም አውቶቡሱ ላይ እዘፍናለሁ። ሁለት ሳምቡሳ ማንንም ገድሎ አያውቅም።

ሌስተሮች ይህን ነገር በደንብ ይዘውታል። ኤፕሪል 2021 ከዌስትብሮም ጋር ሲጫወቱ 3ለ0 እየመሩ ስለነበር ብሬንዳን ሮጀርስ ፆመኛውን ተከላካይ ዌስሊ ፎፋናን ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላ አስወጥተው ምግብ እንዲቀምስ አደረጉ። ከአራት ቀን በኋላ ኤፕሪል 26 ደግሞ የክሪስታል ፓላሱ በረኛ ቪሴንቴ ጓይታ በ30ኛው ደቂቃ አካባቢ የመልስ ምቱን ሆን ብሎ አዘገየ። በዚያች ደቂቃ ፎፋና ከሜዳው ጠርዝ ሄዶ አፈጠረ። ተቃራኒው በረኛ ነው እኮ ያቆመለት! ከዚያ ወዲህ በፕሪሚየር ሊጉ እንዲህ ያለ አጭር ማቆሚያ የተለመደ ሆኗል።

አጋጣሚ ሆኖ ይቺ 30ኛ ደቂቃ ከሚሴም ውስጥ አለች። ረመዳን በየካቲትና በመጋቢት በሚውልባቸው በእነዚህ የቅርብ ዓመታት የእንግሊዝ ዋናዎቹ የቅዳሜ ጨዋታዎች 12 ሰዓት ላይ ይጀመራሉ፣ የመግሪብ አዛን ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰማል። ኳሱ መሃል ሜዳ ላይ ሆኖ አዛን ይላል። ያኔ ስክሪኑን ለማየት የሚቀር አይን የለም፣ ሁሉም ወደ ተምሩና ወደ ውሃው ነው። እረፍት እስኪወጡ ደግሞ አስር ደቂቃ ይቀራል። በዚያ ሰዓት ውሃውንና ሾርባውን ብቻ ወስዶ፣ ሰግዶ፣ እራቱን ከጨዋታው በኋላ የሚበላ ደጋፊ የቬንገርን ምናሌ ሳያነብ ተግብሮታል። በእረፍቱ አስራ አምስት ደቂቃ ሁሉን የሚጨርሰው ግን ሁለተኛውን አጋማሽ ተኝቶ ነው የሚያየው።

ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ የአዛኗ ደቂቃም ትቀያየራለች። እ.ኤ.አ በ2029 ወሩ በጃንዋሪ አጋማሽ ሲገባ ከሚሴ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12፡15 አካባቢ ነው። ተምሩ ከአሰላለፉ ጋር አብሮ መቅረብ ሊኖርበት ነው ማለት ነው።