ዓሣ በጓሮ ኩሬ

በጉንችሬና በአካባቢው እንሰት የቤት ምሰሶ ነው። ቆጮ ረሃብን ይከላከላል፤ ነገር ግን ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን በውስጡ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ወተትና ሥጋ የማያገኝ ሕፃን ሆዱ ሞልቶ ሳለ ሊቀጭጭ ይችላል። ይህን ጉድለት ለመሙላት ከሚረዱት መንገዶች አንዱን፣ በጓሮ ዓሣ ማርባትን፣ ለምትደግፉን ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች በአጭሩ እናብራራለን።

ለዚህ የሚመረጠው ቆሮሶ ነው። በሐይቆቻችን የሚገኝ፣ ችግር ቻይ ዓሣ ነው። የሚፈራው ብርድን ነው፤ ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይዘገያል። ስለዚህ በደጋው ትርፉ አነስተኛ መሆኑን አስቀድመን እንንገር፤ ኩሬውም ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ይቆፈር።

ጥልቀቱ 1 ሜትር ያህል ሆኖ አፈሩ ውሃ የሚይዝ መሆን አለበት። ለ1 ካሬ ሜትር 2 የዓሣ ጫጩት ይበቃል። ፍግ ሲጨመር ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ያ አረንጓዴ ምግባቸው ነው። ክንዳችንን እስከ ክርናችን አጥልቀን መዳፋችን ከታየን ፍጉ አንሷል። ንጋት ላይ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ቢከፍቱ ግን አየር አጥሯቸዋልና ፍጉን አቁመን ንጹሕ ውሃ እንጨምር።

ቆሮሶ በጥቂት ወራት ይራባል፤ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ካልተቀነሱ ኩሬው ይጨናነቅና ሁሉም ሳያድጉ ይቀራሉ። ስለዚህ ትንንሾቹ በየጊዜው ወጥተው ለሕፃናት ምግብ ይዋሉ።

ሠራተኞቻችን ኩሬ ከማስቆፈራቸው በፊት የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ያማክሩ። ሕፃናት እንዳይገቡበትም ዙሪያውን ማጠር ግዴታ ነው።